ማንን ላመስግን?

አንድ የጥር ወር ከሰዓት በኋላ ነበር። የሲቀላ ሙቀት የባንኩን አዳራሽ እንደ ምድጃ አግሎታል፤ ወረፋ የያዘው ሰው በእጁ ባለው ወረቀት ራሱን ያራግባል። እኔም ከመስኮቴ ኋላ ተቀምጬ፣ በየዕለቱ እንደማደርገው፣ ብር እቆጥራለሁ፣ አስፈርማለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ። በዚህ መካከል አንዲት የአሥር ዓመት ግድም ልጅ የምትመራቸው ማየት የተሳናቸው ሽማግሌ ከመስኮቱ ደረሱ። በስማቸው የገባ የመንግሥት ድጋፍ ነበር። ቅጹን ሞላሁላቸው፤ አውራ ጣታቸውን ይዤ ከቀለሙ አስነካሁና ከወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። ገንዘቡን በእጃቸው ሳስቀምጥ ልጅቱ አንድ በአንድ ቆጠረችላቸው። ከዚያም ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፄ መልሰው፣

«ልጄ፣ ይህን የሰጠኝ ማነው? ማንን ላመስግን?» አሉኝ።

«መንግሥት ነው፣ አባባ።»

«መንግሥትማ መንግሥት ነው። እኔ ስሙን ነው የጠየቅሁህ።»

ከኋላቸው የቆሙት ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩና «ቀጣይ!» አልኩ። ልጅቱ በትራቸውን ይዛ መራቻቸው፤ ሄዱ። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ቤቴ ገባ። ሒሳብ ዘግቼ፣ ካዝና ቆልፌ፣ እራቴን በልቼ እንኳ አልለቀቀኝም። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እንግዲህ ያ ያልመለስኩት ጥያቄ ነው።

እኚያ አባት ያደጉበት ዓለም ሰጪ ሁሉ ስም ያለው ዓለም ነበር። በሀገራችን የምጽዋት ሥርዓት ለማኝ በባዶ አይለምንም፤ በ12 ቀን «ስለ ሚካኤል»፣ በ21 ቀን «ስለ ማርያም»፣ በ23 ቀን «ስለ ጊዮርጊስ» ይላል። የሚሰጠው ሰው በቅዱሱ ስም ይሰጣል፤ የሚቀበለው ሰው በምርቃት ይከፍላል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ይህ ንጹሕ የሆነ ልውውጥ ነው። ሳንቲሙ ወደ አንዱ ወገን ይሄዳል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ወደ ሌላው ወገን ይመለሳል፤ ሒሳቡ እዚያው ይዘጋል። በሌሊት በየደጁ እየዞሩ በዜማ የሚለምኑት ላሊበላዎች እንኳ ያለ ግጥምና ያለ ምርቃት አይቀበሉም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ የተኮለኮለው ነዳይ ባለ ዕዳ ሆኖ አያድርም፤ የሚገባውን በቃሉ ከፍሏልና።

በጋሞ ደጋም ይህንኑ የሚመስል የራሱ ሥርዓት አለ። ዱቡሻ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚመክሩበትና ጠብ የሚያበርዱበት አደባባይ፣ የችግረኛም ነገር የሚሰማበት ስፍራ ነው። መስቀል ሲደርስ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔው፣ ከየከተማው ነጋዴው ወደ አገሩ ይወጣል። በዚያን ቀን ሥጋ ያልቀመሰ ጎረቤት ካለ ነውሩ የሰፈሩ ሁሉ ነው። ዘመድ ለዘመዱ፣ ጎሣ ለጎሣው ዋስ ነው።

ግን የዚህ ሥርዓት ጉድለት ምን ነበር? ምጽዋት ለዕለቱ እንጂ ለወሩ አይሆንም። ምጽዋት የሚታየውን ሰው ይረዳል፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከገበያ ዳር መውጣት የማይችለውን አያይም። ከሁሉም ይልቅ፣ ቤተሰቡ አፍሮ ከጓዳ የደበቀውን ልጅ ማንም ቅዱስ በስሙ አይለምንለትም።

ታዲያ መንግሥት በዚህ ነገር መካከል የገባው መቼ ነው? ወደ ሕጉ ስንመለከት መጀመሪያ የምናገኘው ጡረታን ነው። በ1953 ዓ.ም. በወጣ ድንጋጌ፣ ቀጥሎም በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ መብት ተደነገገ። በሥራው ላይ እያለ አካሉ የተጎዳ ሠራተኛ ወር ጠብቆ የሚቀበለው ገንዘብ ኖረው። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ሆኖም ጡረታ ደመወዝ የነበረው ሰው ጥላ ነው፤ ደመወዝ ያላየ ሰው ጥላ የለውም። የዶርዜው ሸማኔ፣ የቦንኬው ገበሬ፣ ከልደቱ ጀምሮ ማየት የተሳነው ልጅ ከዚያ መዝገብ ውጭ ነበሩ። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ የግል ድርጅት ሠራተኛም የራሱ የጡረታ አዋጅ ወጣለት። እርሱም ቢሆን ቀጣሪ ያለው ሰው አዋጅ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ በ1963 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 70 ነው። ድኩማንን የሚያቋቁም አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በዚህ ትእዛዝ ተመሠረተ። «ድኩም» የሚለው የግእዝ ቃል የደከመ፣ ኃይል ያጣ ማለት ነው። ዛሬ «አካል ጉዳተኛ» እንላለን። ሁለቱ ቃላት የተለያየ ታሪክ ይነግሩናል፤ ድካም ከሰውየው ከራሱ የሚወጣ ይመስላል፣ ጉዳት ግን ከውጭም ሊመጣ ይችላል። ከስሙ ይልቅ እኔን ያስገረመኝ ግን ትርጓሜው ነው። ትእዛዙ ድኩም የሚለው፣ አካሉ ወይም አእምሮው በመጎዳቱ ኑሮውን ማሸነፍ ያልቻለውን፣ በዚያም ላይ የሚረዳው ሰው የሌለውን ነው። በዕድሜው ማነስ ወይም መግፋት ሠርቶ መብላት ያልቻለም ከዚሁ ይቆጠራል።

አንባቢዬ ይህን ትርጓሜ ደግመህ አንብበው። የዐይን አለማየት፣ የእግር አለመሄድ ብቻውን አይበቃም፤ ዘመድ አልባነትም ያስፈልጋል። አጎት ያለው ዕውር በሕጉ ፊት ዕውር አይደለም እንደ ማለት ነው። መንግሥት በር የሚከፍተው የዘመድ በር መዘጋቱን አረጋግጦ ነው። ይህችን ሐሳብ ያዟት፤ ወደ እርስዋ እመለሳለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ፣ አብዮት፣ ጦርነት፣ ደግሞም የ1977ቱ ድርቅ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ «እርዳታ» የሚለው ቃል ከከረጢትና ከስንዴ ጋር ተጣበቀ። ጉልበት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ መንገድ ጠርጎ እህል ይቀበላል፤ ጉልበት የሌለው በነጻ ይሰፈርለታል። ይህ ሁሉ ግን ረሃብ ሲመጣ የሚመጣ፣ ዝናብ ሲመለስ የሚሄድ ነበር። ማየት የተሳነው ሰው ዐይን ግን ከዝናብ ጋር አይመለስም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 አዲስ ነገር አመጣ። የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና አሳዳጊ ያጡ ሕፃናትን መርዳትና ማቋቋም የመንግሥት ግዴታ ነው አለ፤ አቅም የፈቀደውን ያህል። በዚህች ቁራጭ አንቀጽ ውስጥ «ስለ ማርያም» ወደ ሕግ ተተረጎመ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «አቅም የፈቀደውን ያህል» የምትለዋ ሐረግ ደግሞ ባንክ ቤት ለሚውል ሰው እንግዳ አይደለችም። ገንዘብ ሲኖር እንከፍላለን ማለት ነው።

ሐረጊቱ መልክ ይዛ የታየችው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው ደቡብ ክልል ወረዳዎች ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት 5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ያዘ፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ከ7 ሚሊዮን አለፈ። አሠራሩ ቀላል ነበር። መሥራት የሚችል የቤተሰቡ አባል ዕርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠግናል። ዋጋው በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ሆነ፤ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር የ5 ቀን ሥራ ስለሚታሰብ በወር 30 ብር ወይም 15 ኪሎ እህል ይደርሰዋል፤ ይህም በዓመት ለስድስት ወር ነው። ጉልበት የሌለው፣ አረጋዊው፣ የታመመው፣ አካል ጉዳተኛው ያንኑ ያህል ሳይሠራ ይቀበላል። ይህኛው ክፍል «ቀጥታ ድጋፍ» ተባለ።

እኔ ይህን ስም እወደዋለሁ። «ቀጥታ»፤ በደጀ ሰላም ሳይዞር፣ በአካፋ ሳያልፍ። ከአካፋና ከምርቃት ነጻ የሆነ ገንዘብ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለሽማግሌ፣ ለአካል ጉዳተኛ፣ በዝርዝር፣ በመዝገብ፣ በወር። የኢትዮጵያ ገጠር እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ስፋት ከዚያ በፊት አላየም።

ገንዘብ ቆጣሪ ነኝና ስለ 6 ብሩም ጥቂት ልበል። 6 ብር የተመረጠው ሦስት ኪሎ እህል ይገዛል በሚል ስሌት ነበር። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ጣራ ሲነካ ስሌቱ ፈረሰ። ዕለታዊው ክፍያ ወደ 8 ብር፣ ቆይቶም ወደ 10 ብር ከፍ አለ፤ ገበያው ግን ቀድሞት ሄዶ ነበር። ብር ይሻለናል ይል የነበረው ተጠቃሚ እህል ይሰፈርልን ማለት ጀመረ። በወረቀት የተጻፈ ቁጥር ከገበያ ቁና ጋር ሲጋጭ ሁልጊዜ የሚሸነፈው ወረቀቱ ነው።

በ2007 ዓ.ም. በተጀመረው አራተኛው ምዕራፍ የቀጥታ ድጋፍ ሁለት ተከፈለ። ለጊዜው ጉልበት ያጣችው፣ ለምሳሌ ነፍሰ ጡሯ፣ በአንድ ወገን፤ ፈጽሞ መሥራት የማይችለው በሌላ ወገን። ለኋለኛው «ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ» የተባለውና ዓመቱን ሙሉ፣ 12 ወር የሚከፈለው ሆነ፤ ጉዳዩም ከግብርና ሰዎች ወደ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ተሻገረ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ድርሻ ነው። በዚህ ፕሮግራም ቋንቋ ሀብት አፍርቶ ከዝርዝሩ የሚወጣ ሰው «ተመረቀ» ይባላል። የቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎች ግን የማይመረቁ ተማሪዎች ናቸው። ሕጉም እንዲመረቁ አይጠብቅባቸውም፤ ይህ በራሱ አንድ ሥልጣኔ ይመስለኛል። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ሲጀመርም ለእነዚህ ሰዎች ቦታ ነበረው።

አሁን ያዟት ወዳልኳችሁ ሐሳብ ልመለስ፤ ስለ አጎቴም ልናገር።

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ከጨንቻ በላይ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ሸማኔ ነበሩ። የሽመና ሥራ የእጅ ሥራ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሸማኔ ግን ከጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ፣ በእግሩ ጣቶች የያዘውን ገመድ እየረገጠ ነው ድሩን የሚከፍተው። የአጎቴ እግሮች ገና በጎልማሳነታቸው ማበጥ ጀመሩ። በአገሩ ዝሆኔ ይሉታል። እርግማን ነው ያለ ነበር፤ የዘር ነው ብሎ ከቤታቸው ልጅ ማግባት የሸሸም ነበር። ኤርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ተቀምጦ ባደረገው ምርምር ነገሩ ሌላ መሆኑን አሳይቷል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር፣ ዝናብ በበዛበት ደጋ በባዶ እግሩ የሚሄደውን ሰው ቆዳ ዘልቆ የሚያመጣው በሽታ ነው። ሕክምናው ውሃ፣ ሳሙና፣ ቅባትና ጫማ ነው። በጎረቤታችን በወላይታ የተደረገና በ1998 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ በሽተኛው ከሥራ ቀናቱ 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ አስልቷል። አጎቴ ከዚያም በላይ አጡ። ጉድጓዱ ጠበባቸው፤ ጣታቸው ገመዱን መያዝ ተወ። ዱንጉዛ የሸመኑ እጆች ሥራ ፈቱ። አስቡት፤ አፈሩን ለማዳን ዕርከን ሥሩ የሚል ፕሮግራም ሲመጣ፣ አፈሩ ራሱ እግራቸውን የበላባቸው ሰዎች ቁጭ ብለው ይመለከቱ ነበር።

ቀጥታ ድጋፉ ሲጀመር አጎቴ ከዝርዝሩ ገቡ። ክፍያው ይዘገያል፤ ቢዘገይም ይመጣል። በዚያ ብር ጨው፣ በርበሬ፣ ሳሙና ገዝተዋል። እኔም የትምህርት ቤት ደብተር ተገዝቶልኛል። ዓመታት አለፉ። ተምሬ ተመረቅሁ፤ ባንክ ተቀጠርሁ። በቤተሰባችን ደመወዝ የበላሁ የመጀመሪያው ሰው ነበርሁ፤ ያን ጊዜ የተጨፈረውን ጭፈራ አልረሳውም። በ2008 ዓ.ም. ግድም የተጠቃሚዎች ዝርዝር ሲከለስ፣ ከተሰብሳቢው አንዱ ተነሥቶ «የእኚህ የእኅታቸው ልጅ ባንክ ቤት ነው» አለ። ማንም አልተቃወመም። እውነት ነበራ! የአጎቴ ስም ተሰረዘ።

በሰውየው አልፈርድም፤ በኮሚቴውም አልፈርድም። ኮታው ጠባብ ነበር፤ ከአጎቴ የባሰ ችግረኛም ነበር። መመሪያውም ከዘመድ የሚመጣ አስተማማኝ ድጋፍ ያለው ሰው ለሌለው ቦታ ይልቀቅ ይላል። ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስት መንግሥታት አይተናል፤ ያቺ ሐሳብ ግን ሳትነካ ደረሰችን። «የሚረዳው የሌለው»። የእኔ መቀጠር አጎቴን በአንድ ቀን ጤነኛ አደረጋቸው።

ረድቻቸው ነበርን? ለመስቀል ልኬያለሁ። ለፋሲካ ልኬያለሁ። አንድ ጊዜ ጫማ በልካቸው አሰፍቼ ወስጃለሁ። ሌላውን ጊዜ የቤት ኪራይ ነበር፣ ሠርግ ነበር፣ ዕቁብ ነበር። አንድ ማታ ወረቀት አውጥቼ ሒሳቡን ሠራሁት፤ ሙያዬ ነውና። በዓመት የላክሁት፣ በእኔ ምክንያት ከተቋረጠባቸው ያነሰ ሆነ። ደግሜ ደመርሁ። ያው ነው።

ይህን ለራሳቸው ነግሬያቸዋለሁ። «ጋሼ፣ ስምዎ የተሰረዘው በእኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ሳቁ። «ልጄ፣ ያንተ በረከት ነው፣ ስቀበል እመርቅሃለሁ። ያኛው ግን ማንንም ሳልመርቅ የምቀበለው ነበር» አሉኝ። አጎቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። ይህችን ዓረፍተ ነገራቸውን ግን ከማንኛውም የሕግ መጽሐፍ ይልቅ አስባታለሁ።

ሌላው ዓለም ከዚህ ጥያቄ አላመለጠም። ደቡብ አፍሪካ የአካል ጉዳተኞች የገንዘብ ድጎማ ሕግ ያወጣችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ነው፤ አሜሪካ ለድሃ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን በፌዴራል መንግሥት የሚከፈለውን ወርኃዊ ገንዘብ የደነገገችው በ1972 ነው። በሁለቱም አገሮች ተቀባዩ ድሃ መሆኑን ማስረዳት አለበት። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 28 በቂ ኑሮንና ማኅበራዊ ጥበቃን መብት ብሎ ይጠራቸዋል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲያችንም ወደዚያው ያመለክታል። በሀላባና በሻሸጎ በተደረገው ሙከራ ደግሞ ገንዘቡን ከጤናና ከማኅበራዊ አገልግሎት ጋር ለማያያዝ ተሞክሯል። መንገዱ ተጀምሯል ማለት ነው።

ግን ስንት ሰው ነው በመንገዱ ላይ ያለው? በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኛውን ከመቶ አንድ ገደማ አድርጎ ቆጥሮታል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ ከአራት ዓመት በኋላ ባወጡት ሪፖርት በዓለም ከመቶ 15 ያህል ነው። በእኛ አገር ዐይንና እግር ከሌላው ዓለም 15 እጥፍ ይጸናል እንዴ? አይደለም። ቆጣሪው በር ላይ ቆሞ «በቤቱ አካለ ስንኩል አለ?» ሲል እናት «የለም» ትላለች፤ ልጇ ከጓዳ ሆኖ ይሰማታል። ያልተቆጠረ ሰው ከዝርዝር አይገባም። ከዝርዝር ያልገባ ሰው ደግሞ እንኳን ሊከፈለው፣ እንደ አጎቴ ሊሰረዝ እንኳ አይችልም።

እንግዲህ ወደ እኚያ አባት ልመለስ። ዛሬ ከመስኮቴ ቢመጡ ምን እላቸው ነበር? ገንዘቡ ከመንግሥት በጀትና ከውጭ ለጋሾች የተዋጣ መሆኑን እነግራቸው ነበር። በጀቱም ከሰው ሁሉ ኪስ የተሰበሰበ ቀረጥ ነው፤ እርስዎ ሳሙናና ክብሪት ሲገዙ የከፈሉትም በውስጡ አለ እላቸው ነበር። ስለዚህ ምስጋናው የሚገባው ስም ፈልጌ አላገኘሁም፤ ምናልባትም የነገሩ ክብር ያለው እዚሁ ላይ ነው። የሚመሰገን ስም ያለው ገንዘብ ምጽዋት ነው፤ ስም የሌለው ገንዘብ መብት ነው። ምጽዋት ይቅር አልልም፤ ምጽዋት የሰጪውን ነፍስ ታድናለች። የተቀባዩ ሆድ ግን በሰጪው ነፍስ ስሜት ላይ፣ ወይም በእኅት ልጅ ዕቁብ ላይ፣ ተንጠልጥሎ መኖር የለበትም።

ግጥም ብጤ ያቺኑ ማታ ሞክሬ ነበር። አራት ስንኝ ብቻ ናት፤ ከዚያ በላይ አልሄደልኝም።

«ማንን ላመስግን?» ብሎ ቢጠይቀኝ ዛሬ፣
አልሰጠውም ነበር የማኅተም ወሬ፤
እለው ነበር «አባ፣ ምስጋናው ይቆየን፣
ስምዎን ከመዝገብ የፋቅነው እኛ ነን።»